ታቦትና ጣዖት፦ ስለ ሁለቱ ቃላት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ታቦት ሲወጣ እልል እንላለን፣ «ጣዖት» በሚለው ቃል ደግሞ ሰውን እንነቅፋለን። የቃላቱ ምንጭ ሲነሣ ግን ግምት ይበዛል።

ትልቁ ስህተት ለ«ታቦት» የግእዝ ግሥ ፈልጎ ከዚያ ማርባት ነው። ለጆሮ ይጥም ይሆናል፣ አያስኬድም። ቃሉ የመጣው ከጥንቱ የሴም ቋንቋ ከአራማይክ፣ «ቴቦታ» ከሚለው ነው፤ የዕብራይስጡ «ቴባ» ዘመድ ሲሆን ሣጥን ማለት ነው። ዕብራይስጡ የኖኅን መርከብ «ቴባ»፣ የቃል ኪዳኑን ሣጥን «አሮን» ብሎ ይለያቸዋል። የግሪኩ ትርጉም ሁለቱንም «ኪቦቶስ» አላቸው፤ ግእዙም እሱን ተከትሎ ሁለቱንም «ታቦት» አለ። በግእዝ ኦሪት ዘፍጥረት ኖኅ ታቦት ሲሠራ ያነበበ ሰው እንግዲህ ግድፈት አገኘሁ ብሎ አይቸኩል።

«ጣዖት» የተቀረጸ ምስል ስም ብቻ ይመስለናል። ምንጩ የሆነው አራማይኩ «ጣዑታ» ግን መሳሳት፣ መንገድ መሳት ማለት ነው፤ የአይሁድ የአራማይክ ትርጉሞችም የባዕድ አማልክትን በዚሁ ቃል ይጠሯቸዋል። ድንጋዩ የተሰየመው በአምላኪው ስህተት ነው ማለት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው። በቁርኣን ያለው «ጣጉት»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ከአራማይክ ከሆኑማ ዘጠኙ ቅዱሳን ከሶርያ ይዘዋቸው መጥተዋል የሚል አለ። ሐሳቡ በምሁራንም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ነበር። የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ፖሎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው ግን ታቦት፣ ጣዖት፣ ምጽዋትና መሰሎቻቸው የሶርያ ክርስቲያኖችን የአራማይክ ዘዬ፣ ሱርስትን፣ ሳይሆን የአይሁድን አራማይክ ይመስላሉ። በየትኛው ሰው እጅ፣ በየትኛው ዓመት ገቡ የሚለውን ከቃላቱ ብቻ ማውጣት አይቻልም።

ታቦትንና ጽላትን መቀላቀልም አለ። በጥብቅ አነጋገር ታቦት ማደሪያው፣ ጽላት በውስጡ ያለው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ግን ታቦት የምንለው ጳጳስ ባርኮት ቅዳሴ የሚቀደስበትን የእንጨት ወይም የድንጋይ ጽላት ነው፤ ማስቀመጫው መንበር ይባላል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው በብሪቲሽ ሙዚየም ስለሚገኙት ታቦታት የውጭ ዜና ሲተረጎም «ሣጥን» ብሎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል። «ጽላተ ሙሴ» ብሎ ማጋነን ደግሞ የባሰ ነው።

አጻጻፍ ላይ፦ «ጣኦት» ሳይሆን «ጣዖት»፣ በዐይኑ ዖ። «ታቦታቶች» እና «ጣዖታቶች» ብዙ ላይ ብዙ መደረብ ነው፤ ታቦታት፣ ጣዖታት ይበቃል። ጽላት ራሱ የ«ጽሌ» ብዙ ነው፤ አማርኛ እንደ ነጠላ ለምዶታልና እዚህ ላይ ማንንም አልከስም።