የትምህርት ቤታችሁን ታሪክ ስታሰባስቡ፦ ለጎንደር የቀድሞ ተማሪዎች

የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲታሰብ አብዛኛው ኮሚቴ ትዝታ በመልቀም ይጀምራል። ትዝታ ግን ዓመተ ምሕረት አይይዝም። ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃም ሆነ ሌላ ትምህርት ቤት፣ መነሻው መዝገብ ቤቱ ቢሆን ይሻላል።

ለርዕሰ መምህሩ በምትጽፉት ደብዳቤ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጥቀሱ። «ታሪካዊ ሰነዶች» ያለ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል፤ «ከ1955 እስከ 1966 ያሉ የ12ኛ ክፍል ሮስተሮች» ያለው ግን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሥራ ያቀላል። ሰነዱ ከግቢ አይውጣ። መስኮት አጠገብ ሆናችሁ በስልክ አንሱት፤ ፍላሽ አታብሩ፣ የደበዘዘ ቀለም ይውጠዋል። አንዱ ገጽ ይግለጥ፣ ሌላው ያንሳ። የመዝገቡን ሽፋን መጀመሪያ አንሱ፤ አለዚያ ገጾቹ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ በኋላ ይምታታል። ለኅትመት የሚወሰደው ስም፣ ክፍልና ዓመት ብቻ ነው፤ ውጤት የባለቤቱ ነው።

ቀን የሌለው ወረቀት ሲገጥማችሁ ራስጌውንና ማኅተሙን እዩ። «የቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ «ሰሜን ጎንደር አስተዳደር አካባቢ» ደግሞ ከ1980 ወዲህ። «መሰናዶ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ሰነዱ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የመጣ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ባለ ራስጌ ወረቀት እስኪያልቅ ይሠራበት ስለነበር፣ ራስጌው የሚነግራችሁ ከመቼ ወዲህ መሆኑን እንጂ ትክክለኛውን ዓመት አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው አቆጣጠር ነው። ውጭ የሚኖሩት ዓመቱን በፈረንጅ ይልካሉ፣ እዚህ ያለው ደግሞ አስቀድሞ የተቀየረውን እንደገና ይቀይረዋል። የ1965 የትምህርት ዘመን በፈረንጅ 1972/73 ነው፤ ሰኔ 1965 ላይ የተመረቀ ሰው በ1973 ተመረቀ ማለት ነው። በሁሉም ቦታ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። «በ1968 ከ12ኛ ተመረቅሁ» የሚል ካለ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ጠይቁ፤ በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወደ ገጠር ወስዶ ነበር።

ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ እንደ «ፋይል» ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል፣ ለመጽሔት አይበቃም። ስካን የምታደርጉ ከሆነ ለትናንሽ ፎቶዎች 600 ዲፒአይ አድርጉት። ከአልበም የተጣበቀውን ልላጠው አትበሉ፣ ከነገጹ አንሱት። ከጀርባው በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። የቆሙትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ፣ በሌላ ወረቀት መዝግቡ።

ቃለ መጠይቁ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ሰሞን የተመቸ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ሰው ወደ ጎንደር ይገባል። በጥምቀት ዋዜማና በዕለቱ ግን ማንንም አትያዙ፣ ልቡ ታቦት ላይ ነው። ጡረታ የወጡ መምህራንን ጠዋት ቡና ላይ፣ እቤታቸው አነጋግሩ፤ ከእጃችሁ የክፍል ፎቶ ወይም የሮስተር ቅጂ አይጥፋ። «እስቲ ስለ ትምህርት ቤቱ ይንገሩን» ከማለት «ጋሼ፣ ይህ ላቦራቶሪ ሲሠራ እርስዎ ነበሩ? ኬሚስትሪ ያስተማረው ማን ነበር? ሰላም ጓድ (አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ) ነበር ወይስ ህንዳዊ?» ማለት ይሻላል። የፈረቃውን ሰዓት፣ የሰልፉን ቦታ፣ የሚኒሚዲያውን፣ የክበባቱን ነገር የሚያስታውሱት እንዲህ ሲጠየቁ ነው። ተረኛ ደወል መቺው፣ ዘበኛውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከአንዳንድ ርዕሰ መምህራን የተሻለ ያውቃሉ፤ እነሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የቀይ ሽብር ዘመን ላይ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ። በዚያ ጊዜ የጠፉ ተማሪዎችን ስም የምታትሙት ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች ሲስማሙና ቤተሰቡ ሲፈቅድ ነው። ማን እንደጠቆመ የሚነገረውን ቅዱት፣ አስቀምጡት፣ አታትሙት። ቤተሰቡ እንቢ ካለ ስሙ ይቅር፤ «እስቲ ለታሪክ ሲባል» እያሉ እናትን ደጋግሞ ማስጨነቅ ነውር ነው።