ፍራፍሬና ቺዝ በስንጥር፦ ትሪውን የሚያበላሹ ስህተቶች

እሳት የለው፣ ሽንኩርት አይቁላላበት፣ ድስት አይጣድበት። ስለዚህ ለልደት ወይም ለምርቃት ሲታሰብ «እሱን ማታውኑ ሰክቼ እገላገላለሁ» ይባላል። የመጀመሪያውም ትልቁም ስህተት ይኸው ነው፤ አናናስ ካለበት ደግሞ ይብሳል።

አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ጠንካራ ሥጋ በአናናስ ጭማቂ ሲዘፈዘፍ የሚለሰልሰው በእሱ ነው። የቺዝ ጥንካሬም ከፕሮቲን የመጣ ነው። ሁለቱን አጣብቃችሁ ስታሳድሩ አናናሱ ቺዙን ሲበላው ያድራል፦ መጀመሪያ የተነካካው ፊት ይላላል፣ ከዚያ ይሙለጨለጫል፣ በመጨረሻም ይመራል። እንግዳው ቀምሶ በሶፍት ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፣ ደጋሹ ቺዙን የሸጠውን ሱቅ ይረግማል፤ ሱቁ ግን ምንም አላጠፋም። ፍሪጅ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ፓፓያም የራሱ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው፤ ሲበስል መጠኑ ይቀንሳል፣ ግን ያኔ ደግሞ በጣም ስለሚለሰልስ ከስንጥሩ ተንሸራቶ ይወርዳል።

አናናስ ጭራሽ አይግባ ማለት ግን አይደለም። እንግዳ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሰኩት፤ በአናናሱና በቺዙ መካከልም ወይን ወይም አፕል አስገቡ። ከዚህ ቀደም ብሎ መሰካት ግድ ከሆነ የቆርቆሮውን አናናስ ተጠቀሙ። ሲታሸግ ስለተቀቀለ ኢንዛይሙ ሞቷል። ብቻ ግማሽ ሰዓት ወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ።

ለዋዜማ የሚሆን ሥራ ግን አለ። ቺዙን ቆርጣችሁ፣ ከሥሩ ደረቅ ሶፍት አንጥፋችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቡት። ወይኑን አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። አናናሱን ልጣችሁ ለብቻው ክደኑት። መሰካቱ ብቻ ለነገ ይደር።

ቀጥሎ ውኃ። ሀብሐብ ከተቆረጠ በኋላ ማልቀሱን አያቆምም፤ ትሪው ላይ ሐይቅ ይሠራል፣ ከሥር የተኛው ቺዝም ይነጣል፣ ይላላል። ቁራጮቹን ወንፊት ላይ አድርጋችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አንጠፍጥፏቸው፣ ከዚያ በሶፍት ተጫኗቸው። ጨው፣ ስኳር ወይም ሚጥሚጣ መነስነስ ከፈለጋችሁም ትሪው ከወጥ ቤት ሲወጣ ይሁን። ጨውና ስኳር ቀደም ብለው ሲነሰነሱ ከፍሬው ውኃ ይስባሉ። እንጆሪ ከነአረንጓዴ ቆቡ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቆቡ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አለበለዚያ ውኃው በቀዳዳው ይገባል።

አይብ አይሰካም። የቤታችን አይብ ተፈርፍሮ የሚበላ ነው፤ በስቴኪኒ የሚታገሉትን ማየት ያሳዝናል። በሦስት ማዕዘን ታሽጎ የሚሸጠው ለስላሳ ቺዝም እንደዚያው ነው፣ ለዳቦ ይቆይ። ፕሮቮሎኔ፣ ጎዳ፣ ኤዳም ወይም ለፒዛ የሚሆነው ደረቅ ሞዛሬላ ጥሩ ይያዛል። ብዙ የቆየ ቼዳር ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን ይሰነጠቃል።

ስለ መሰንጠቅ ካነሳን፦ ቺዝ የሚቆረጠው ቀዝቃዛ ሆኖ ነው፣ የሚሰካው ግን ከፍሪጅ ወጥቶ 10 ወይም 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ። ከፍሪጅ እንደወጣ ከሰካችሁት ለሁለት ይከፈላል። በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ1.5 ካነሰ ስንጥሩ ይሰነጥቀዋል። ስንጥሩን በመሐሉ እያዞራችሁ አስገቡ እንጂ አትውጉ። ለከባብ የሚሸጠው ወፍራሙ እንጨትም ለቺዝ አይሆንም፣ ቀጭኑን የቀርከሃ ምረጡ። ስንጥርን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ከሰል ላይ ለሚጠበስ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም።

አፕል ይጠቁራል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ በሁለት ኩባያ ውኃ በጥብጡና ቁራጮቹን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆዩበት፣ ከዚያ አድርቁ። ሙዝና አቮካዶ ተዉ፤ ሎሚም ብዙ አያቆያቸውም። ማንጎ ጠንከር ካለ ይሁን።

የብዛት ስሌት ላይ ደጋሾች ሁሌም ይሳሳታሉ፦ ፍራፍሬው ይተርፋል፣ ቺዙ ያልቃል። በ15 ሴንቲ ሜትር ስንጥር ላይ አምስት ቁራጭ ይበቃል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፣ የቀረው ለመያዣና ለጫፍ ነው። እስከ ጫፉ የሞላ ስንጥር በምን ይያዛል? ለ30 እንግዳ ሦስት ሦስት ብንል 90 ስንጥር ይሆናል። በእያንዳንዱ ሁለት ቺዝ ከገባ 180 ቁራጭ ማለት ነው። የ2 ሴንቲ ሜትሩ ቁራጭ 8.5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 1.5 ኪሎ ይወጣዋል፤ ዳር ዳሩ ሲቆረጥ የሚባክነውን ጨምራችሁ 1.7 ኪሎ ግዙ። ወይን ግማሽ ኪሎ፣ መካከለኛ አናናስ ሁለት፣ ሀብሐብ ደግሞ ትንሹ ይበቃል። ምሳ ካለ ለሰው ሁለት ሁለት አይጎድልም።

አሁን በየድግሱ ወደሚረሳው እንምጣ። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴ፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾም የሚደገስ ልደት ላይ የሚጾም እንግዳ አይጠፋም። «ቺዙን አውጥቶ ፍራፍሬውን ይብላ» የሚል አስተናጋጅ ጾምን አያውቅም፤ ቺዝ የነካው ፍሬ ፍስክ ነው። የጾሙን ለብቻ ሥሩ፣ በቺዙ ቦታ ፍሬው የወጣለት ቴምር አስገቡ። ከሁሉም በፊት የጾሙን ቆርጣችሁና ሰክታችሁ ጨርሱ፣ በታጠበ መክተፊያና ቢላዋ፤ ቺዙ ከዚያ ይከተል። ትሪውም ይለይ፣ ስንጥሩም ቢቻል በርዝመት ይለይ፤ ሰው ሲበዛ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋል።

መክተፊያው ሥጋ የተከተፈበት ከሆነማ ሌላ አምጡ። ይህ ፍራፍሬ እሳት አያየውም፣ ጀርሙን የሚገድልለት ነገር የለም። በዚሁ ምክንያት ሀብሐብና አናናስ ሳይቆረጡ ልጣጫቸው ይታጠባል፤ ቢላዋው የላዩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጣጩ አይበላም ብሎ ማለፍ አይሆንም።

4 ሰዓት ላይ ወጥቶ ኬኩ እስኪቆረጥ 9 ሰዓት ድረስ ጠረጴዛ ላይ የሚያዛጋ ትሪም አለ። የተቆረጠ ፍራፍሬና ቺዝ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ፣ ድሬዳዋ እንደሚሆነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ግማሹን አውጡ፣ ግማሹ ፍሪጅ ይጠብቅ። ላዩ ያብለጨለጨ ቺዝ ቅባቱ መውጣት ጀምሯል፤ ለእንግዳ አይቀርብም።

ለሕፃናት ሹል እንጨት አትስጡ፤ በኩባያ አድርጋችሁ ከሹካ ጋር አቅርቡ። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ወይን በቁመቱ ለአራት ይቆረጥ፤ ድፍኑ ጉሮሮ ይዘጋል።

ያገለገለ ስንጥር ሶፋ ሥር የሚገኘው ማስቀመጫ ስለማይዘጋጅ ነው። ከትሪው አጠገብ ባዶ ብርጭቆ አስቀምጡና አንድ ያገለገለ ስንጥር አስቀድማችሁ ክተቱበት። ባዶ ከሆነ ሰው የውኃ መጠጫ ይመስለዋል።