ርካሽ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነስታችሁ በርካሽ አየር መንገድ ሻርጃ ወይም ዱባይ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እዩ፦ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

እነ ኤር አረቢያና ፍላይዱባይ የሚነሱት ከአዲስ አበባ ነው። ከድሬ ቦሌ ያለውን በረራ ለብቻ ከቆረጣችሁና እሱ ከዘገየ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም። ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል። ሻንጣውንም ቦሌ ላይ ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ በዋዜማው አዲስ አበባ ግቡ። የአንድ ሌሊት አልጋ ከሌላ ትኬት ይረክሳል።

ርካሽነቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ አለመቆሙ ነው። አውሮፓ ውስጥ ራያንኤር የተባለው ርካሽ አየር መንገድ አራግፎ፣ ጭኖ ለመነሳት የሚያቅደው 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ያው አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ የጠዋቱ መዘግየት እየተንከባለለ ማታ ይደርሳል። ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን በረራ ያዙ።

ሻንጣ፣ ምግብ፣ ወንበር መምረጥ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይከፈላል። ለዘመድ የሚወሰደው የሐረር ቡናና በርበሬ (መቼም ባዶ እጅ አይኬድም) ኪሎ ይበላል። ቤት መዝኑትና የሻንጣውን ከትኬቱ ጋር አብራችሁ ክፈሉ። ኤርፖርት ላይ ይወደዳል።

ትኬት ቢሮ የምታስቆርጡ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ስልክና ኢሜይል አስመዝግቡ። ቢሮው የራሱን ካስገባ፣ ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው።