በበግ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስን እንዴት ማግኘት ይቻላል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ደጋግሜ የማስተውለው፣ ተማሪዎች ሂፖካምፐስ ለአዲስ ትውስታ መፈጠር አስፈላጊ የሆነ የአንጎል ክፍል መሆኑን አጥንተው ቢመልሱም፣ የት እንደሚገኝና ምን እንደሚመስል ሲጠየቁ መልስ ማጣታቸውን ነው። ለዚህ ውድ የፕላስቲክ ሞዴል መግዛት አያስፈልግም፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ በየበዓሉ የሚታረደው የመንዝ በግ አንጎል ይህን ክፍል በግልጽ ያሳያል።

በቅድሚያ በዕለቱ የታረደ በግ ራስ ያዘጋጁ። አንጎል ከእርድ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መላም ስለሚጀምር፣ የአገሩ ብርድ ቢያግዝም ማሳደር አይገባም። በአንድ ቦታ ሲዞር ወይም አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሲሄድ የነበረ በግ አይውሰዱ። አዙሪት የሚባለው ይህ በሽታ በውሻ አንጀት የሚኖር ትል ዕጭ በበጉ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲሠራ የሚመጣ ነው። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ እንስሳም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ አይነካም። ጓንትና መከላከያ መነጽር ያድርጉ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው አንጎሉን ሳይጎዱ ማውጣት ነው። ብዙዎች ለፍጥነት ሲሉ ራሱን በመጥረቢያ ይፈልጡታል፤ እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ትኩስ አንጎል እንደ እርጎ የላላ ስለሆነ በአንድ ምት ይፈርሳል፣ የአጥንት ስብርባሪም ይሰገሰግበታል። በብረት መጋዝ ይሥሩ። ቆዳውንና ሥጋውን ገፈው ካነሡ በኋላ ከዓይኖቹ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አግድም ይቁረጡ፤ ከዚያ መስመር ጫፎች ተነሥተው በሁለቱም ጎን፣ አከርካሪው ከራስ ቅሉ እስከሚገናኝበት ቀዳዳ ድረስ ይቀጥሉ። መጋዙ አጥንቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ድምፁ ይለወጣል፣ እጅም ቅለት ይሰማዋል፤ እዚያ ላይ ቆም ብለው የቀረውን ስስ አጥንት በካቻቪቴ ፈልቅቀው ክዳኑን ያንሡ።

ከሥሩ የሚታየውን ጠንካራ ሽፋን በወረንጦ ከፍ አድርገው በትንሽ መቀስ ይቁረጡት። የዚህ ሽፋን አንድ እጥፋት በትልቁና በትንሹ አንጎል መካከል ይገባል፤ እርሱ ሳይቆረጥ አንጎሉ ከተሳበ ለሁለት ይበጠሳል። ቀጥሎ ራሱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጠው ይያዙና፣ አንጎሉ በራሱ ክብደት ሲወርድ ከታች የያዙትን ነርቮች አንድ በአንድ ይቁረጡ። የተረፈውን ራስ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ፤ የአዙሪት ትል ወደ ውሻ የሚመለሰው እንዲህ ያለ ራስ ተጥሎ ሲበላ ነው።

ብዙ ጊዜ አንጎልን ለማጠንከር ፎርማሊን ይመረጣል። ይሁንና ትነቱ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ከመሆኑም በላይ ካንሰር አምጪ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ክፍል አልጠቀምበትም። 95 በመቶ አልኮል ቀስ ብሎ ቢሠራም ይሻላል። ከዕቃው ሥር ጥጥ ያንጥፉ፣ የአንጎሉን አሥር እጥፍ ያህል አልኮል ይሙሉ፣ በማግስቱ ይለውጡት፣ ከእሳት አርቀው ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆዩት።

ከዚያ አንጎሉን በስለታም ቢላ በመሃል ስንጥቁ ለሁለት ይክፈሉት። አንዱን ግማሽ ከላይ ጀምረው አግድም በስሱ እየላጡ ሲወርዱ ከነጭ የነርቭ ጭረቶች ሥር ባዶ ጎድጓድ ይከፈታል። ጎድጓዱን በጣት ጫፍ ወደ ኋላና ወደ ታች ሲያሰፉት ወለሉ ላይ ነጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወደ ጎን ታጥፎ የሚወርድ ጉብታ ያገኛሉ። ሂፖካምፐስ ይህ ነው። አቋርጠው ሲቆርጡት ተጠቅልሎ የሚታየው ግራጫ ንብርብር የነርቭ ሕዋሳቱ የተደረደሩበት ነው።

ታሪኩን ለተማሪዎች መንገር የሚገባው ጉብታው እጃቸው ላይ ሳለ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ እንዲድን ሲባል ከሁለቱም ጎን የሂፖካምፐሱ ትልቅ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ከዚያ በኋላ በ2008 እስኪሞት ድረስ የልጅነት ትዝታው ሳይጠፋ አዲስ የተዋወቀውን ሰው ግን ማስታወስ ተሳነው። በ1973 ደግሞ ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ወደዚህ ክፍል የሚገቡት የነርቭ ጭረቶች ለአጭር ጊዜ በፍጥነት በኤሌክትሪክ ሲነቃቁ፣ ከሕዋሳቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ተጠናክሮ ለሰዓታት እንደሚቆይ አሳዩ። ጥናቱ የተካሄደበት ቦታ ተማሪዎቹ አሁን በወረንጦ ሊነኩት በሚችሉት ግራጫ ጥቅል ውስጥ ይገኛል።