አፕዴት ባደረግኩ ቁጥር የሚጠቁረው ስክሪን

አፕዴት አድርጌ ላፕቶፔን ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይቀር ነበር። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጥፋቱ የላፕቶፑ አልነበረም። የጫንኩት ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ስርዓት) ቶሎ ቶሎ አዲስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱን እምብርት፣ የሚያመጣ ዓይነት ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያሳየው የግራፊክስ ድራይቨር ደግሞ እኩል አይራመድም።

ፋይሎቼን ፍላሽ ላይ ገልብጬ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ዴቢያን 12 የሚባል ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩ። ከዚህ እትም ጀምሮ ፈርምዌሩ (እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉ ክፍሎችን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከመጫኛው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዋይፋዩ ወዲያው ሠራ። ድሮ ብዙ ሰው የሚማረረው ፈርምዌሩ አብሮ ባለመምጣቱ ነበር። የዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋው እትም) ትልቁ ነገር ፕሮግራሞቹን አለመቀያየሩ ነው። በብዛት የሚልከው የደኅንነት እርማትና የስህተት ማስተካከያ ነው። ፕሮግራሞቹ ትንሽ ያረጃሉ፣ እውነት ነው። አዲሱን የምፈልገውን ብቻ በፍላትፓክ (ከስርዓቱ ለይቶ ፕሮግራም መጫኛ መንገድ) እጭናለሁ። አሁን ሥራ መሃል ብሆንም አፕዴት ለማድረግ አልሰጋም።