ለጥ ባለ ሜዳ ረጅም ትሪያትሎን እንዴት ይወዳደሩታል? ከሰሜን ሸዋ ለምትነሱ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ስለ ሜዳ ውድድር ሲሰማ ቶሎ የሚለው "ዳገት የለውማ፣ ይቀላል" ነው። እውነት ነው፣ ሰዓቱ ይፈጥናል። ግን አይቀልም። ዳገት ያደክማል፤ ከዳገት በኋላ ግን ቁልቁለት ይመጣል። እግር ያርፋል፣ ወገብ ይቃናል፣ ሰው ተረጋግቶ ውሃ ይጠጣል። ሜዳ ላይ ይሄ የለም። ለሰዓታት ሳታቋርጡ ትረግጣላችሁ።

ሙሉው ረጅም ትሪያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በመጨረሻም 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን። በሜዳነታቸው ከሚታወቁት መካከል የኔዘርላንድሱ አልሜሬና የአሜሪካው ፍሎሪዳ ይገኙበታል። አልሜሬ ከውሃ ተነጥቆ በተሠራ መሬት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መሬቱ ከባህር ወለል በታች ነው። እናንተ የምትነሱት ደግሞ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ነው። ዝግጅቱም ከዚህ ልዩነት ይጀምራል።

መጀመሪያ አየሩን እወቁት

ደብረ ብርሃን ላይ ያለው አየር ከባህር ወለሉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፤ በሌላ በኩል ግን ብስክሌቱን ወደ ኋላ የሚይዘው አየር ቀላል ነው። ዝቅ ስትሉ ሁለቱም ይገለበጣሉ። ትንፋሽ እንደልብ ይሆናል፣ አየሩ ግን ይከብዳል። ብዙ የደጋ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሳንባው ስላልተጨነቀ ገና አልደከምኩም ይላል። እግሩ ግን ያን ያህል ጉልበት ለረጅም ሰዓት ማውጣት አልለመደም። ሂሳቡ የሚመጣው ሩጫው ላይ ነው።

ሳያርፉ መርገጥን ተለማመዱ

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረድ ደስ ይላል። ለሜዳ ውድድር ግን ብዙም አይጠቅምም፤ እግር ሥራ ይፈታል። ከሸኖ በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባው መንገድ ይሻላል። ፍጹም ሜዳ ባይሆንም ረጅም ለጥ ያሉ ቦታዎች አሉት። የከባድ መኪና መንገድ ነውና ብቻችሁን አትውጡ። ደማቅ ልብስ ልበሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ሳይለቅ መውጣት የለም፤ የደነዘዘ እጅ ፍሬን አይዝም።

መንገዱ ካልተመቸ ጂም ውስጥ ባለው ብስክሌት ሁለት ሰዓት ሳታቋርጡ ርገጡ። ይሰለቻል። ውድድሩም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ክርን ኤሮባሩ ላይ (መሪው ላይ የሚገጠም የክርን ማሳረፊያና መያዣ ነው)፣ ጀርባ ዝቅ፣ ጭንቅላት ሰብሰብ። ሜዳ ላይ ትልቁ ጠላት አየር ነው፤ ውድ ጎማ ከመግዛት በፊት ጎንበስ ብሎ መቆየትን መልመድ ይበልጣል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ሞክሩ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። አንገትና የታችኛው ወገብ ያማል፣ መቀመጫም ይቆረቁራል። በየ20 ደቂቃው ከኮርቻው ተነስታችሁ ጥቂት ርገጡና ተመለሱ። ይህን ልማድ አድርጉት። ውድድሩ ላይ የሚያስነሳችሁ ዳገት የለም።

ለዋናው ከገንዳ ወጥቶ ሐይቅ ላይ መዋኘትን መልመድ ግድ ነው፤ ለዚህ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ወረድ ማለት ያስፈልጋል። ውድድሩ ሞቃት አገር ከሆነ ሸዋ ሮቢት ቅርባችሁ ናት። ቆላ ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ ደጋግማችሁ ሩጡ።

ምግቡን ቤት ውስጥ ጨርሱት

በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ አለው። ሦስት ተኩል ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ ጥቂት ሎሚ በውሃ ስትበጠብጡ የአንድ ሰዓት ስንቅ ያዛችሁ ማለት ነው። በሶ የአገራችን ምርጥ ስንቅ ነው፤ ለልምምድ እወደዋለሁ። ለውድድሩ ሰዓት ግን አሰሩ ብዙ ስለሆነ ሆድ ሊያስቸግር ይችላል። ጎንበስ ብሎ ለሚጋልብ ሰው ደግሞ ጨጓራ ይታጠፋል፤ ስለዚህ በየ15 ደቂቃው ፉት በሉ፣ አንዴ አትገልብጡት። ረጅም ልምምድ ላይ ሞክራችሁት ያልተስማማችሁን ነገር ይዛችሁ አትሂዱ።

የውድድሩ ቀን

ውሃ ዋናው ላይ ተረጋጉ። ብስክሌቱ ላይ የመጀመሪያው 40 ኪሎ ሜትር "ይሄው ነው እንዴ?" ካላሰኛችሁ ፈጥናችኋል።

ነፋስ ይኖራል። ሜዳ ላይ የሚከልል ኮረብታ የለም። ከፊት ሲመጣ ፍጥነታችሁ ይወርዳል፤ ይውረድ። የሰዓት ቁጥር ለማስመለስ አትታገሉ። ጉልበታችሁን እኩል አድርጉ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል።

ሌላው የሜዳ ጣጣ መንጋ ነው። ዳገት ስለማይበትነው ሰው ተጠጋግቶ ይሄዳል። ከፊት ያለን ሰው ተከልሎ መንዳት ደግሞ ያስቀጣል። በብዙ ውድድር ርቀቱ 12 ሜትር ነው፤ በመካከላችሁ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ይገባል ብላችሁ ገምቱ። ልታልፉ ከገባችሁ ሳታመነቱ እለፉ። ሌላው ካለፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ቅሩ። ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ነው። ያ ሁሉ ልምምድ በዚህ ሲባክን ያንገበግባል። የውድድሩን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሩጫው ላይ እግር ያው አንድ ዓይነት እርምጃ ይደጋግማል፤ ያው ጡንቻ ነው የሚመታው። ስለዚህ በየውሃ ማደያው ከ20 እስከ 30 እርምጃ ተራመዱ፣ ጠጡ፣ እንደገና ሩጡ። ሳይደክማችሁ ከመጀመሪያው ማደያ ጀምሩት። ከደከማችሁ በኋላ የተጀመረ እርምጃ ወደ ሩጫ አይመለስም። እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ማንም ቢያልፋችሁ አትከተሉ። ከዚያ ወዲያ የቀረ ጉልበት ካለ ልቀቁት።