ቴክ ኦፍ ሁልጊዜ ማውለቅ አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ተቃራኒ ሲያሳስታችሁ

ደሴ ላይ ማታ ማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። በቀደም አንዲት ተማሪዬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣችበትን ቀን በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። "አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ላይ ፑት ኦን አደረገ" አለች። አረፈ ማለቷ ነው። የቴክ ኦፍ (ማውለቅ) ተቃራኒ ፑት ኦን (መልበስ) ነው ተብላ ተምራለች። አውሮፕላን ሲነሳም ቴክ ኦፍ እንደሚባል ታውቃለች። ሁለቱን አገናኘች። ስህተቷ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ ወደድኩት።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ያጠናችሁት ተቃራኒ አንድ ቦታ ልክ ይመጣል፣ ሌላ ቦታ ሰሚውን ግራ ያጋባል።

ምክንያቱ ከኋላ ያለችው ትንሽ ቃል ናት። ኦን ካየን ኦፍ እንላለን፤ አፕ ካየን ዳውን። ተቃራኒው ግን ያለው ድርጊቱ ውስጥ ነው። በአማርኛችን እዩት። ዕቃ ያነሳ ሰው ያስቀምጣል። ስልክ ያነሳ ሰው ይዘጋል። ፎቶ ያነሳስ? ፎቶ ዘጋ የሚል ሰው ሰምታችሁ አታውቁም። ተስፋ ለቆረጠ ሰውም "ተስፋ ቀጥል" አንለውም።

መፍትሄው ከዚሁ ይጀምራል። ሐረጉን ከነባለቤቱና ከነዕቃው ወደ አማርኛ አምጡት። እዚያው አማርኛው ላይ ገልብጡት። ከዚያ ለተገለበጠው እንግሊዝኛ ፈልጉ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ2,000 በታች። ጠዋት ደሴ ጃኬት ትለብሳላችሁ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ያስወልቃችኋል። መልበስ ፑት ኦን፣ ማውለቅ ቴክ ኦፍ። አውሮፕላኑ ግን ይነሳል፣ ያርፋል። ማረፍ ላንድ ነው። "ቲቸር፣ ታዲያ አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ አለው?" አለችኝ። አዎ፣ አብሽሪ አልኳት፤ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው።

ተርን ዳውንም እንደዚሁ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ሲሆን መቀነስ ነው፣ ተቃራኒው ተርን አፕ። የሠርግ ጥሪ ሲሆን አልቀበልም ማለት ነው፣ ተቃራኒው አክሴፕት። እንግዳው ተርን አፕ አደረገ ካላችሁ ደግሞ መጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው። ቀረ ለማለት ዲድንት ሾው አፕ በሉ።

ሚኒባስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስትሳፈሩ ጌት ኢን ብላችሁ ስትወርዱ ጌት ኦፍ ትላላችሁ። ቆማችሁ የምትራመዱበት ትልቅ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ጌት ኦን እና ጌት ኦፍ ይወስዳል። ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት መኪናና ታክሲ ጌት ኢን እና ጌት አውት። የኛ ሚኒባስ ታክሲ ስለሆነ ከሁለተኛው ጋር አስኪዱት።

ተቃራኒ መስለው አንድ የሆኑም አሉ። ፎርም ፊል ኢን አድርግ ቢሏችሁ ወይም ፊል አውት፣ ያው ሙላ ነው። ቤት በርን አፕ ቢያደርግም በርን ዳውን ቢያደርግም ተቃጥሏል። በጣም የሚያሳስበኝ ጎ ኦፍ ነው። መብራት ጎ ኦፍ ሲያደርግ ይጠፋል። አላርም ጎ ኦፍ ሲያደርግ ግን ይጮኻል! የእሳት አደጋ ደወል ከሆነ ደግሞ ጠፋ ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ ውጡ።

ራን አውት ኦፍ ሹገር ስኳር አለቀብን ነው። ተቃራኒው ራን ኢንቱ አይደለም፤ እሱ ከሰው ጋር ድንገት መገናኘት ነው። ብዙ አለን ለማለት ዊ ሃቭ ፕሌንቲ ማለት ይበቃል።

ፈሊጥ ላይ ቃል በቃል መገልበጥ ጭራሽ አይሠራም። ኦቨር ዘ ሙን በደስታ መፈንጠዝ ነው፤ አንደር ዘ ሙን የሚባል ፈሊጥ ግን የለም። ለከፋው ሰው ዳውን ኢን ዘ ደምፕስ ይላሉ። ቢት አራውንድ ዘ ቡሽ ደግሞ የኛው ዳር ዳር ማለት ነው። ተቃራኒውን ከቁጥቋጦው አትፈልጉት። ዳር ዳር ለሚል ሰው ምን እንላለን? "እቅጩን ንገረኝ።" እንግሊዝኛው ጌት ቱ ዘ ፖይንት ነው።

ደብተራችሁ ላይ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ቃል የተጻፈበት ዝርዝር ካለ ዛሬ ማታ አውጡት። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ምኑ እንደሚነሳ፣ ምኑ እንደሚወልቅ ጻፉበት፦ ጃኬቱ፣ አውሮፕላኑ፣ ጥሪው።